ከጥቁር ሼል ብረታ ብረት ለማውጣት፦ ክምር፣ እቶን ወይስ አሲድ?

ጥቁር ሼል በላቦራቶሪ ውጤት ላይ ሲታይ ያስጎመጃል። ኒኬል፣ ዚንክ፣ መዳብ፣ ኮባልት፣ ቫናዲየም፣ ሞሊብዲነም፣ ዩራኒየም፣ አንዳንዴም ብር በአንድ ድንጋይ ውስጥ ተደርድረው ይገኛሉ። ብዙ ሰው ይህን ዝርዝር ሲያይ የእያንዳንዱን መጠን በገበያ ዋጋው ያባዛና ይደምራል። የተገኘው ድምር ግን የድንጋዩ ዋጋ አይደለም። ከድንጋዩ ሊወጣ የማይችል ኒኬል ከተራ ጭቃ አይሻልም። መውጣት መቻሉን ደግሞ በዋናነት የሚወስነው ብዛቱ ሳይሆን የተቀመጠበት ቦታ ነው።

ከዚህ በታች የማነጻጽራቸው መንገዶች አራት ናቸው፦ በባክቴሪያ የሚታገዝ የክምር ማሟሟት፣ በአረፋ አንሳፍፎ (የተፈለገውን ማዕድን ከተፈጨው ድንጋይ በአረፋ ላይ አውጥቶ) ማቅለጥ፣ በእቶን ቆልቶ ማሟሟት፣ እና በቀጥታ በአሲድ ማሟሟት። የትኛውም ለሁሉም ድንጋይ አይሆንም። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ብረቱ የት ተደብቋል?

ጥቁር ሼል ኦክስጅን በራቀው የባሕር ወለል ላይ የተጠራቀመ ደቃቅ ጭቃ ነው። በውሃው ውስጥ ይኖሩ የነበሩ ጥቃቅን ሕይወት ያላቸው ነገሮች ሞተው ሲወርዱ በቅጡ ሳይበሰብሱ ተቀብረዋል። ድንጋዩን ያጠቆረው ከእነሱ የቀረው ካርቦን ነው። ከባሕሩ ውሃ ተጣርተው የገቡት፣ በአንዳንድ ቦታ ደግሞ ዘግይቶ በመጣ ጨዋማ የከርሰ ምድር ፈሳሽ ተጭነው የደረሱት ብረታ ብረቶች በሦስት ዓይነት ቤት ይቀመጣሉ።

የመጀመሪያው ሰልፋይድ ነው። ኒኬል፣ ዚንክና መዳብ ከድኝ ጋር ተዋሕደው በደቃቅ ቅንጣት መልክ ይገኛሉ። ኦክስጅንና አሲድ የሚደርሱባቸው ከሆነ ይሟሟሉ፤ ስለዚህ ለአውጪው ምቹ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ሁለተኛው የሸክላና የማይካ ማዕድን ውስጠኛ መዋቅር ነው። ቫናዲየም ብዙውን ጊዜ እዚያ የአልሙኒየምን ቦታ ይዞ ይቀመጣል፤ መዋቅሩ ካልፈረሰ አይወጣም። ሦስተኛው ራሱ ካርቦኑ ነው። ዩራኒየምና ሞሊብዲነም ከካርቦኑ ጋር ተጣብቀው ወይም ከእሱና ከድኝ ጋር እጅግ በደቀቀ ሁኔታ ተደባልቀው ይገኛሉ። በቻይና ዙንዪ አካባቢ ያለው ቀጭን የኒኬልና የሞሊብዲነም ንጣፍ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፦ ሞሊብዲነሙ ከመቶ በርካታ እጅ የሚደርስበት ቦታ እያለ፣ ከካርቦኑ ጋር ያለው ትስስር በመፍጨትና በማንሳፈፍ ብቻ ለመለየት አስቸጋሪ አድርጎታል።

አንድ ጠቅላላ የኬሚካል ምርመራ እነዚህን ሦስቱን ለይቶ አይነግርም። «ኒኬል 0.25 ከመቶ» ይላል፤ ከዚያ አያልፍም። ስለዚህ ዘዴ ከመምረጥ በፊት በማይክሮስኮፕና በደረጃ በደረጃ ማሟሟት የትኛው ብረት የትኛው ቤት ውስጥ እንዳለ የሚያሳይ ጥናት ማሠራት ግዴታ ነው። ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ ኋላ ከሚባክነው ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው።

ከዚሁ ጋር አብሮ መታየት ያለበት የኖራ ድንጋዩ መጠን ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። 1 ቶን ካልሲየም ካርቦኔት (የኖራ ድንጋይ ዋና ማዕድን) 0.98 ቶን ሰልፈሪክ አሲድ ይበላል። ሼሉ ውስጥ 10 ከመቶ ካርቦኔት ካለ ለእያንዳንዱ ቶን ድንጋይ 100 ኪሎ ግራም የሚጠጋ አሲድ ኖራውን ለማጥፋት ብቻ ይውላል። ከዚያው ቶን የሚጠበቀው ኒኬል 2.5 ኪሎ ግራም ብቻ ከሆነ ሒሳቡ እዚህ ላይ ሊያበቃ ይችላል። አሲዱ ጠፍቶም አይቀርም፤ በኖራው ፋንታ 170 ኪሎ ግራም ያህል ጂፕሰም ይተካል። ጂፕሰሙ ክምሩን ይደፍናል፣ ቧንቧውን ያጠባል፣ ማስቀመጫም ይፈልጋል።

ክምር፦ ርካሽ ነው፣ ዘገምተኛ ነው፣ ውሃ ይፈራል

የዚህ መንገድ ትልቁ ማሳያ በፊንላንድ ሶትካሞ የሚገኘው የታልቪቫራ ማዕድን ነው። ክምችቱ ለአስርት ዓመታት ታውቆ ሳይነካ ቆይቷል፤ ኒኬሉ ከመቶ ሩብ እጅ ገደማ፣ ዚንኩ ከመቶ ግማሽ እጅ ገደማ ስለነበር አድቅቆ ማንሳፈፍ ወጪውን አይመልስም ነበር። ሁኔታውን የለወጡት ባክቴሪያዎች ናቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ድንጋዩ አብዛኛው ከ8 ሚሊ ሜትር በታች እስኪሆን ይሰበራል። ከዚያ በትልቅ ተሽከርካሪ በርሜል ውስጥ አሲዳማ ፈሳሽ እየተረጨበት ይንከባለላል፤ ደቃቁ ብናኝ ከሻካራው ጋር ይጣበቅና አየርና ፈሳሽ የሚያልፍበት ክፍተት ይቀራል። የታሸው ድንጋይ 8 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ክምር ይደረደራል። ከላይ ፈሳሽ ይንጠባጠብበታል፤ ከሥሩ በተዘረጋ ቧንቧ አየር ይነፋበታል። ባክቴሪያዎቹ ኒኬሉን አይነኩትም። የሚሠሩት በፈሳሹ ውስጥ ባለው ተራ ብረት (አይረን) ላይ ነው፦ ኦክሲድ ያደርጉታል፣ ብረቱ ሰልፋይዱን ያጠቃል፣ ሲያጠቃ ኃይሉ ይደክማል፣ እነሱም እንደገና ያድሱታል። ይህ ዑደት ሙቀት ያመነጫል። በተለይ ፒሮታይት የሚባለው የብረት ሰልፋይድ በብዛት ካለ ውጭው በረዶ በሚጋገርበት ክረምት እንኳ የክምሩ ውስጥ ሞቆ ይቆያል። ብረታ ብረት የያዘው ፈሳሽ ከሥር ይሰበሰብና በሃይድሮጅን ሰልፋይድ ጋዝ በተራ ይለያያል፤ መጀመሪያ መዳቡ፣ ቀጥሎ ዚንኩ፣ አሲድነቱ ከተቀነሰ በኋላ ደግሞ ኒኬሉና ኮባልቱ ይዘቅጣሉ።

የዘዴው ድክመት ጊዜ ነው። ድንጋዩ በመጀመሪያው ክምር ላይ ዓመት ተኩል ያህል ይቆያል፤ ከዚያ ተነስቶ ወደ ሁለተኛ ክምር ይሄድና ለተጨማሪ ዓመታት ይንጠባጠብበታል። ዛሬ የወጣ ገንዘብ የሚመለሰው ከዓመታት በኋላ ነው ማለት ነው። ደግሞም ሁሉም ብረት እኩል አይታዘዝም። ኒኬሉና ዚንኩ በደህና ይወጣሉ። በፒራይት (በተራ ብረትና በድኝ ማዕድን) ውስጥ የተቀመጠው ኮባልት ይዘገያል። በካልኮፒራይት (መዳብን ከተራ ብረትና ከድኝ ጋር በያዘ ማዕድን) ያለው መዳብ ደግሞ ላዩ በራሱ ሽፋን ስለሚታፈን አብዛኛው እዚያው ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ዋናው ሀብትዎ በካልኮፒራይት የተያዘ መዳብ ከሆነ ክምርን አልመክርም።

ሌላው ድክመት ዝናብ ነው፤ ይህን ነጥብ ብዙ የንድፍ ሰነድ ችላ ሲለው ያሳዝነኛል። ክምር ጣሪያ የሌለው ፋብሪካ ነው። በእሱ ላይ የሚወርደው ዝናብ ሁሉ የፋብሪካው ፈሳሽ ይሆናል። ታልቪቫራ በ2008 ማምረት ጀመረ። በ2011 ያወጣው ኒኬል 16 ሺህ ቶን ገደማ ነበር፤ ያለመው 50 ሺህ ነበር። በግቢው የተጠራቀመው ውሃ እየበዛ ሄዶ በኖቬምበር 2012 የጂፕሰም ኩሬው አፈሰሰ፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሜትር ኩብ ብረታ ብረት ያዘለ ውሃ ወጣ፤ በአካባቢው ያሉ ውሃዎችም ተበከሉ። በ2014 ኩባንያው ከሰረ። በ2015 በመንግሥት የተያዘው ቴራፋሜ የተባለ ኩባንያ ተረከበው፤ በ2018 የኒኬል ምርቱ ከ27 ሺህ ቶን አለፈ። ድንጋዩ ያው ነው፤ ባክቴሪያውም ያው ነው። በእኔ ግምት ልዩነቱን ያመጡት የክምሩ አሠራር መሻሻል፣ የውሃው አያያዝ፣ እና ለዓመታት መታገሥ የቻለ ካፒታል ናቸው። ይህን ታሪክ የባክቴሪያ ዘዴ ውድቀት አድርገው የሚያቀርቡትም፣ ፍጹም ስኬት አድርገው የሚያወድሱትም ግማሹን ብቻ ነው የሚናገሩት።

አንሳፍፎ ማቅለጥ፦ ለመዳብና ለብር

መዳቡ በቂ ከሆነና ሰልፋይዱ ተፈጭቶ ሊለይ የሚችል ቅንጣት ካለው ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። በጀርመንና በፖላንድ ሥር የተዘረጋው የመዳብ ሼል ከ250 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። በጀርመን ማንስፌልድ ከ1200 አካባቢ ጀምሮ እስከ 1990 ተቆፍሯል። ንጣፉ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ሜትር በታች ውፍረት ስለነበረው የጥንት ማዕድን ቆፋሪዎች በጎናቸው ተኝተው፣ ከጭናቸውና ከትከሻቸው ሥር ሰሌዳ አስረው በዶማ ይቆፍሩ ነበር። አንገታቸው እስከ ዕድሜ ልክ ተጣሞ የሚቀርባቸው ነበሩ። ማርቲን ሉተር ያደገው በዚሁ ማንስፌልድ ነው፤ አባቱ በመዳብ ማቅለጥ ሥራ ላይ ነበር።

በፖላንድ ያን ዊዢኮቭስኪ በ1957 በሉቢን አካባቢ ያገኘው ክምችት ዛሬ ኬጂኤችኤም የተባለው የፖላንድ ኩባንያ የሚያለማው ነው። ከሼሉ በላይና በታች ያሉት የኖራ ድንጋይና የአሸዋ ድንጋይም መዳብ ስለያዙ ሦስቱም አብረው ይወጣሉ። የመዳቡ መጠን 1.5 ከመቶ ገደማ ነው፤ ከታልቪቫራው ኒኬል ጋር ሲነጻጸር ስድስት እጥፍ። ብሩ ደግሞ ኩባንያውን ከዓለም ትልልቅ የብር አምራቾች አንዱ አድርጎታል። ኖራ የበዛበት መሆኑም ለዚህ ዘዴ እንቅፋት አይደለም፤ አሲድ ላይ ያልተመሠረተ ሥራ ስለሆነ ለክምር ማሟሟት ፈጽሞ የማይሆን ድንጋይ እዚህ ያለችግር ይስተናገዳል።

ችግሩ ካርቦኑ ነው። በአረፋው ላይ ከሰልፋይዱ ጋር አብሮ ይንሳፈፋል፤ ለሰልፋይዱ የታሰበውን ኬሚካልም ይጠጣል። እቶን ውስጥ ሲገባ ይነድዳል። ያ በአንድ በኩል ነዳጅ ነው። በፖላንዱ የግዎጉቭ ማቅለጫ ከ1978 ጀምሮ የሚሠራው ፈጣን እቶን ማዕድኑን በኦክስጅን በበለጸገ አየር ውስጥ እንደ ብናኝ እያነደደ በአንድ ጊዜ ወደ ጥሬ መዳብ ይለውጠዋል፤ የካርቦኑ ሙቀት በከፊል ያግዘዋል። በሌላ በኩል ካርቦኑ ሲበዛ እቶኑ ከሚችለው በላይ ይሞቃል፤ የሚገባውም ማዕድን መቀነስ ይኖርበታል። ስለዚህ ከመምረጥዎ በፊት የተንሳፈፈው ማዕድን ስንት ከመቶ ካርቦን እንደያዘ ይጠይቁ።

ቆሻሻውም በአዲስ መልክ ይመጣል። ማንስፌልድ ላይ የማቅለጫው አተላ ተቀርጾ የመንገድ ንጣፍ ድንጋይ ሆኗል፤ ከጋዝ ማጠቢያው የወጣው በዚንክ፣ በእርሳስና በአርሴኒክ የተሞላ ዝቃጭ ግን ማዕድኑ ከተዘጋ በኋላም የአካባቢው ራስ ምታት ሆኖ ቀርቷል። የእቶን ጭስ ማጠቢያ ዝቃጭ የት እንደሚሄድ ያልጻፈ ዕቅድ ተቀባይነት ሊያገኝ አይገባም።

መቁላት፦ ለቫናዲየም

ቫናዲየም በማይካ ውስጥ ከታሰረ ባክቴሪያ አያድነውም፤ ማንሳፈፍም ብዙ አይፈይድም። በደቡብ ቻይና ካርቦን የበዛበት የካምብሪያን ዘመን ሼል ውስጥ ያለው ቫናዲየም እንዲህ ያለ ነው፤ ኦክሳይዱ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ከመቶ በታች ነው። የድሮው መፍትሔ ድንጋዩን ከገበታ ጨው ጋር በ800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መቁላት ነበር። ማይካው ይፈርሳል፣ ቫናዲየሙ ኦክሲድ ይሆናል፣ ከሶዲየሙ ጋር ይዋሐዳል፣ ከዚያ በተራ ውሃ ይሟሟል። ዘዴው ርካሽና ለመማር ቀላል ስለነበር ብዙ ትንንሽ ፋብሪካዎች ተቀብለውታል። ነገር ግን ከጨው የሚወጣው የክሎሪንና የሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል፣ አትክልት ያደርቃል። ለዚህ ሁሉ ጉዳት የሚወጣው ቫናዲየም ብዙ ጊዜ ካለው ግማሽ ገደማ ብቻ ነው። ሙቀቱ ትንሽ ካለፈ ደግሞ ሲሊካው መቅለጥ ይጀምርና ቫናዲየሙን ጠቅልሎ ይዘጋበታል፤ ያን ጊዜ ያልተቆላው ድንጋይ ይሻል ነበር።

የጨው ቁላትን በምንም ምክንያት አልመክርም። ያለ ጨው ቆልቶ በአሲድ ወይም በአልካሊ ማሟሟት ይቻላል፤ በግፊት ውስጥ በአሲድ ማሟሟትም ይቻላል። ሁለቱም ይወደዳሉ። ውድነቱን የቫናዲየም ገበያ ካልተሸከመው ድንጋዩ ባለበት ይቆይ፤ የቫናዲየም ዋጋ ደግሞ በፍጥነት የሚወጣና የሚወርድ መሆኑ የታወቀ ነው።

በቀጥታ በአሲድ፣ በግፊትም ያለ ግፊትም

እዚህ ላይ አጠር አድርጌ አልፋለሁ፤ ምክንያቱም ይህ መንገድ የሚሠራበት ሁኔታ ጠባብ ነው። ስዊድን በራንስታድ ከ1965 እስከ 1969 አሉም ሼል ከሚባለው የአገሪቱ ጥቁር ሼል ዩራኒየም አውጥታለች። ይዘቱ በቶን 300 ግራም ገደማ ነበር። መጀመሪያ በሼሉ ውስጥ ያለው የኖራ ድንጋይ በክብደት ልዩነት ተለይቶ ወጣ፤ ቀጥሎ ሼሉ በሰልፈሪክ አሲድ ተሟሟ። ቴክኒኩ ሠርቷል። በሥራ ዘመኑ 200 ቶን ያህል ዩራኒየም አወጣ፤ ግን ከሌላ ቦታ በርካሽ መግዛት ስለተቻለ ቆመ። ቅሪቱን የመሸፈንና ጉድጓዱን የማከም ሥራ ግን እስከ 1990ዎቹ ቀጥሏል፤ የቀድሞው ጉድጓድ ዛሬ ሐይቅ ነው። ኖራውን አስቀድሞ የመለየት ሐሳቡ ዛሬም ይጠቅማል፤ ኖራው በጭቃው ውስጥ ተበትኖ ሳይሆን በተለየ ጓል መልክ ካለ የአሲዱን ወጪ በእጅጉ ይቀንሳል።

አውቶክሌቭ በሚባል ጋን ውስጥ የሚሠራው የግፊት ማሟሟት፣ ክምር በዓመታት የሚሠራውን በሰዓታት ይጨርሳል፤ የሚያወጣውም ከፍ ያለ ነው። ጋኑ ከፍተኛ ሙቀት፣ ግፊትና አሲድ ስለሚችል ውድ ነው፤ ኦክስጅን ማምረቻም ይፈልጋል። ጥሬውን ድንጋይ በሙሉ እዚያ ማስገባት አይታሰብም። አስቀድሞ ማንሳፈፍ ተችሎ ጥቂት፣ ግን የበለጸገ ማዕድን ከተገኘ ያን ጊዜ ይታሰብ።

የቀረው ድንጋይ

የትኛውም መንገድ ቢመረጥ ከ1 ቶን ሼል ውስጥ ከ980 ኪሎ ግራም በላይ የሚሆነው ይቀራል። በውስጡ ያልተነካ ፒራይት ካለ ሥራው ሲያልቅ እሱ ሥራ ይጀምራል። 1 ቶን ፒራይት አየርና ውሃ አግኝቶ ሙሉ በሙሉ ሲለወጥ 1.6 ቶን ያህል ሰልፈሪክ አሲድ ያመነጫል፤ ያ አሲድ ካድሚየም፣ ኒኬልና ዩራኒየም እየጠረገ ይወርዳል። ክምር ቢያንስ የፒራይቱን የተወሰነ ክፍል በቁጥጥር ሥር እያለ ይጨርሰዋል፤ የተንሳፈፈበት ቅሪት ግን ደቃቅ ስለሆነ ገጽታው ሰፊ ነው፤ ስለዚህ ከአየር መከለል አለበት። በአንጻሩ የፖላንዱ ዓይነት ኖራ የበዛበት ቅሪት የራሱን አሲድ ራሱ ያጠፋል። አስቀድመን የአሲድ ጠላት ያልነው ኖራ በቅሪቱ ላይ ወዳጅ ይሆናል፤ ሁለቱንም ሒሳብ በአንድ ገጽ ላይ መጻፍ ይገባል።

ዩራኒየሙንም ቢሆን ከመጀመሪያው መወሰን ያስፈልጋል። አሲድ ሲረጭ፣ ተፈለገም አልተፈለገም፣ ይሟሟል፤ ካልተለየ ወደ ቅሪቱ ወይም ወደ ምርቱ ይገባል። ሶትካሞ ላይ ይህ ከዓመታት ክርክርና ፈቃድ በኋላ የተፈታ ሲሆን ቴራፋሜ ዩራኒየሙን ለብቻው ማውጣት የጀመረው በ2024 ነው። የሕግ ፈቃዱ፣ የጨረር ክትትሉና ገዢው አስቀድሞ ካልታሰበ ጥቂት ግራም ዩራኒየም ሙሉ ፕሮጀክት ሊያስቆም ይችላል።

ለመወሰን የሚያስፈልጉ ምርመራዎች

ናሙና ከላይኛው የተበላ ድንጋይ አይወሰድ። እዚያ ሰልፋይዱ ዝናብና አየር ስላገኘው ከፊሉ ታጥቧል፤ ኖራውም ሊጠፋ ይችላል። በዚያ ናሙና ላይ የተሠራ የአሲድ ሒሳብ ከሥሩ ላለው ድንጋይ አይሠራም። የቁፋሮ ናሙናም ቢሆን ከወጣ በኋላ በመጋዘን ውስጥ ለዓመታት ከተቀመጠ ፒሮታይቱ ይዝጋል፤ በተቻለ መጠን ትኩሱ ይመርመር፣ ካልተቻለም ቀዝቅዞና ከአየር ተከልሎ ይቀመጥ።

ብረቱ በሰልፋይድ ውስጥ ከሆነና ኖራው ጥቂት ከሆነ የክምር ሙከራ በረጅም ቱቦ ውስጥ ይጀመር፤ ለሁለትና ለሦስት ወር ብቻ ተሠርቶ በግምት መስመር የተራዘመ ውጤት አይታመን። ኖራው ብዙ ሆኖ መዳቡ ጥሩ ከሆነ የማንሳፈፍ ሙከራ ይቅደም። ማይካ ውስጥ ያለ ቫናዲየም ብቻውን ከሆነ ግን በመጀመሪያ ጥያቄው ዘዴ ሳይሆን ገበያ ነው።

ታልቪቫራ ፋብሪካውን ከመክፈቱ በፊት ከ2005 ጀምሮ 17 ሺህ ቶን ድንጋይ በሜዳ ላይ ከምሮ ፈትኗል። ፈተናው ባክቴሪያው በቅዝቃዜ እንደሚሠራና ኒኬሉ እንደሚወጣ በትክክል አሳይቷል። በብዙ ካሬ ኪሎ ሜትር ግቢ ላይ በተከታታይ ዝናባማ ዓመታት የሚጠራቀመውን ውሃ ግን የዚያ መጠን ክምር ሊያሳይ አይችልም። ለዚህ የአካባቢውን የብዙ ዓመታት የዝናብ መዝገብ ይዞ፣ እጅግ ዝናባማ የነበሩትን ዓመታት አከታትሎ አስገብቶ፣ የሚተነውን ቀንሶ፣ የተረፈው ውሃ ስንት እንደሆነና በየትኛው ማጣሪያ አልፎ ወዴት እንደሚለቀቅ በቁጥር መጻፍ ያስፈልጋል። ይህ ገጽ ባዶ ከሆነ የክምሩ የመጀመሪያ ድንጋይ አይነሣ።